የራሴ ጠባሳ

ሰኞ
ፓስተራችን ኮል አደረገልኝ። «ወንድም ዳንኤል፣ እሑድ ምስክርነት ትሰጠናለህ። ስለ እስር ቤቱ፣ ጌታ እንዴት እንዳወጣህ።» እሺ አልኩ።

ታስሬ አላውቅም። ከራሴ ኋላ ከጆሮ እስከ ጆሮ የተጋደመው ጠባሳ የፀጉር ተከላ ነው። ከማጅራቴ በላይ ቆዳ ቆርጠው ፊት ለፊት ተከሉልኝ። እሱም ብዙ አልያዘም። ከአራት ዓመት በፊት ፀጉሬን ባጭሩ ስቆረጥ ቸርች አብረን የምንሄደው ጋሼ ታደሰ ጠባሳውን አዩት። ሰባት ዓመት ታስረው የተደበደቡ ሰው ናቸው። «አንተም ቀምሰሃታል ለካ» ብለው አቀፉኝ። አይደለም አላልኩም። ወሬው ቸርች ውስጥ ተዛመተ።

ማክሰኞ
እሑድ ሰው ቀርቦ እንዳያየው ጠባሳውን በንቅሳት ላስሸፍን፣ ከሥራ ቀርቼ እዚሁ ጎረቤት ያለችው አሌክሳንድሪያ በመኪና ሄድኩ። ቀለም የምትነቅሰው ልጅ ሐበሻ አለመሆኗ ደስ አለኝ። በቀጭን መርፌ ነጠብጣብ ታደርጋለች፣ የተላጨ ፀጉር ይመስላል። ሦስት ሰዓት በደረቴ ተኛሁ። ጠባሳ ቀለም ቶሎ ስለማይቀበል እንደገና መምጣት አለብኝ። ከምን እንደመጣ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። «ግማሹ ደንበኛዬ እንዳንተ ነው» አለችና ሥራዋን ቀጠለች። እውነቱን መናገር ይህን ያህል ቀላል ነበር።

ሐሙስ
መታጠብ የለም። ማላብ የለም። መቧጠጥ የለም። ያሳክካል። እንቅልፍም የለም።
ባለቤቴ ሳራ መብራት ስር አዙራ አየችኝ። ተከላውን ታውቃለች፣ ውሸቱንም። «ጠባሳው አይታይም» አለች። «እሑድ ሲያጡት ምን ልትል ነው? ፈውስ ነው?»
ይህን አላሰብኩም ነበር። ደክሞኛል።

ቅዳሜ
ስፕሪንግፊልድ ጋሼ ታደሰ ቤት ሄድኩ። ኮፍያዬን አውልቄ ሁሉንም ነገርኳቸው።
«ለልጆቼ ያልነገርኩትን ላንተ ነግሬሃለሁ» አሉ። «ይገባዋል ብዬ።»
«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»
«አታውቅም።»
እንድወጣ በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ። ቤቴ ሲልቨር ስፕሪንግ እስክደርስ ሬዲዮ አልከፈትኩም።

እሑድ
ተነስቼ እውነቱን ተናገርኩ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። አንድ ሰው ሳቀ፣ ሌላው ጎሸመው። ፓስተሩ ቶሎ መዝሙር አስጀመረ። ጋሼ አልመጡም።

ከሰዓት ደወሉ። «መናገርህን ሰማሁ» አሉ። «ነገ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ። ልጄ ሥራ ትገባለች።»
«እኔ እወስድዎታለሁ።»
«ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል። እንዳታረፍድ።» ዘጉት።

ይቅር ብለውኝ ይሁን ሰው አጥተው፣ አላውቅም። አላርሜን ለአሥራ ሁለት ሰዓት ሞልቻለሁ።