የመምህሩ የወገብ ልክ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? መድኃኒቱን እየዋጥሽ ነው ወይስ እንደ ልማድሽ ትራስ ሥር እየደበቅሽ? እኛ ደህና ነን። ትንሿ ልጄ ለምን ዝም አለችኝ ብለሽ ለጠየቅሽው ዛሬ እውነቱን እነግርሻለሁ። መጨረሻው ደህና ነውና ሳትደነግጪ አንብቢ።

እዚህ መምህር የሚሉት ሰው አለ። ማንም የማያነበው አሮጌ መጽሐፍ ይዞ ምሥጢሩ የሚገለጥልኝ ለእኔ ብቻ ነው ይላል። ልጅሽ ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ስትወጣ ወደ እሱ መሮጥ ጀመረች። ምሳችሁን ለእኔ አምጡ፣ እናንተ ጹሙ ብሎ ተከታዮቹን ስላዘዘ አንገቷ ክር አከለ። ባለፈው ወር ደግሞ ሥራዬን ትቼ እሱ ግቢ ልገባ ነው፣ እዚያ ለቤተሰብ መጻፍ ክልክል ነው አለችኝ። ሻንጣዋን ስታዘጋጅ ሳይ፣ አልዋሽሽም፣ አለቀስኩ።

ከአልጋዋ በላይ አራት ቁጥሮች ለጥፋለች፦ 108፣ 48፣ 62፣ 116። ከመጽሐፉ መሃል የተገኙ የመጨረሻው ዘመን ቁጥሮች ናቸው፣ መምህር ሦስት ሳምንት ሙሉ ተረጎማቸው አለችኝ። እኔ ክው አልኩ። የመጽሐፉን የጨርቅ ሽፋን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ያን ሰሞን ለራሱም ነጭ ሙሉ ልብስ ሰፍቼለት፣ ልኩን የጻፍኩባት ብጣሽ ወረቀት የት እንደገባች ጠፍታኝ ነበር። ወገቡ ከደረቱ የሚበልጥ ደንበኛ ያለኝ ደግሞ እሱ ብቻ ነው። ቁጥሮቹ የልብሱ ልክ ናቸው ብላት ሰይጣን አድሮብህ ነው ብላ አኮረፈችኝ።

ቅዳሜ ዕለት መምህሩ ልብሱ ጠበበኝ ብሎ፣ ተከታዮቹን አስከትሎ ሱቄ መጣ። ልጅሽም አብራ ነበረች። ሜትሬን አውጥቼ ጮክ ብዬ መለካት ጀመርኩ። ደረት፣ መቶ ስምንት። ትከሻ፣ አርባ ስምንት። ከኋላ አንዱ መጸለይ ጀመረ። እጅጌው ላይ ሜትሩን ሳልዘረጋ ልጅሽ ስልሳ ሁለት አለች። ወገብስ አልኳት። መቶ አሥራ ስድስት አለች። ሜትሩ ግን መቶ ሃያ አራት ይላል።

መምህሩ ላቡን እየጠረገ፣ ቁጥሩ ያደገው ዘመኑ ስለቀረበ ነው አለ። ግማሾቹ እልል አሉ፤ አሁንም አብረውት ናቸው፣ ያሳዝኑኛል። ልጅሽ ግን ሆዱን ትክ ብላ አየችና ያ ስምንት ሴንቲሜትር የእኔ ምሳ ነው አለች። እዚያው የልብስ መስፊያው ስር ቁጭ ብላ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ አለቀሰች። ሻንጣዋን ማታውኑ ፈታችው።

አያቴን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ታላቅ ወንድሜን ከነሚስቱ፣ መንታዎቹንም ሰላም በይልኝ። ለአባዬ ሱሪ ልሰፋለት ነውና የወገቡን ልክ ላኪልኝ፤ ብጣሿን ግን አደራ፣ መጽሐፍ ውስጥ እንዳታስገቢያት።

ከዚህ በታች ያለው የእሷ እጅ ጽሑፍ ነው።

እማዬ፣ እየበላሁ ነው።

ከልብስ ስፌት ሱቁ፣ ማክሰኞ ሰኔ 9 ቀን