ቀበሌ የገባው መስታወት

አዋሽ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ ለአቶ ሀብተ ሥላሴ
ደሴ

አባባ፣

«ዓይን የማይደርስበትን ጭላንጭል ለማየት ይህን ያህል መድከም ምን ይጠቅማል?» ሳይሉ አልቀሩም። ታዲያ ምነው እኔን አልጠየቁኝም? ለቀበሌ ሊቀ መንበር ይጽፋሉ?

ረቡዕ ማታ ሊቀ መንበሩ ጓድ በለጠ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ድረስ መጣ። እኔ ቴሌስኮፔን አንበሳ ወደሚመስሉት ወደ አሰድ ኮከቦች አዙሬ ጋላክሲ እየሳልኩ ነበር። ባለ ሻይ ቤቷ ሀጂራም አብራኝ ነበረች። ያንን ወፍራም የመርከብ መስኮት መስታወት ከአሰብ ያስመጣችልኝ እሷ ናት፤ ስድስት ወር ሙሉ በእጄ ሞርጄ ነው የቴሌስኮፕ ዓይን ያደረግሁት።

በቴሌስኮፑ ሊያይ ጎንበስ ሲል፣ «ጓድ፣ ጋላክሲውን ትኩር ብለው አይዩት» አልኩት። «ደብዛዛ ስለሆነ ይጠፋል። ዓይንዎን ትንሽ ወደ ጎን ሲያደርጉ ብቅ ይላል።»

«ለማየት አትይ ነው የምትዪኝ? ታሾፊያለሽ?» አፍጥጦ አየ። «ባዶ ነው!»

ሀጂራ ተጠግታ አየች። «ወላሂ አለ! እንደ ትንፋሽ ነገር። አንቱ ሰውዬ፣ እንደ ኬላ ፈታሽ አያፍጥጡ እንጂ!»

ጠባቂዎቹ ሳቁ። ያን ጊዜ ነው የእርስዎን ደብዳቤ ከኪሱ አውጥቶ ፊታቸው ያነበበው፦ «ልጄ ሰማይ የምታይበትን ዕቃ ወስዳችሁ አስቀምጡልኝ፤ እኔን አትሰማም።»

ወሰዱት። አሁን መስታወቴ በጨርቅ እንኳ ሳይጠቀለል ከቀበሌው መጥረጊያና አካፋ ጋር ተደርድሯል። ወሩ ሲያልቅ በጭነት መኪና ወደ አውራጃ ይላካል አሉ። ሳይሰበር አይደርስም። ጓድ በለጠን ብለምነው፣ «ያስቀመጠው አባትሽ ነው፤ እሱ ይጻፍና እንመልሳለን» አለኝ።

ስለ ወንድሜ ስለ ካሣ እያሰቡ፣ እኔንም እንዳይወስዱኝ ፈርተው እንደጻፉ አውቃለሁ። እኔስ የማላስበው ይመስልዎታል? ግን አባባ፣ ካሣን ለመውሰድ የማንም ደብዳቤ አላስፈለጋቸውም። እኔ ጋ የአባቴን የእጅ ጽሑፍ ይዘው መጡ!

ሠላሳ አንድ ጋላክሲ ስያለሁ። ክረምቱ ሳይገባ ሃምሳ አደርሳለሁ ብዬ ለተማሪዎቼ ምያለሁ። አደርሳለሁም።

ይህን በፖስታ አልላክሁትም፤ የሀጂራ ወንድም ሹፌሩ ሰላሀዲን በሚሌ በኩል ያደርስልዎታል። ቅዳሜ ይመለሳል። ሁለት መስመር ጽፈው፣ «ለልጄ ለፅጌረዳ መልሱላት» ብለው ይፈርሙለት። የተሻለው ግን ከጎኑ ተሳፍረው ራስዎ ቢመጡ ነው። ጋቢ አይያዙ፣ እዚህ ሙቀት ነው።

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ይህን ስልም እንደተቆጣሁ ነኝ። ቢቆጡኝም ይጻፉልኝ፤ ባዶ እጁን እንዳይመጣ።

የቀረችዎት ልጅዎ
ፅጌረዳ