አሥራ ስድስት ዓመቴን ያተረፈው መስመር

ለልጄ አባት፣

ከሁሉ በፊት ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ አሁንም ከወንበር ስትነሳ «ወይ እናቴ» ትላለህ? እኛ ደህና ነን። ልጅህ በቁመት ደርሳብኛለች፤ ጫማዬን እየሰረቀች መልበስ ከጀመረች ሰነበተች። እኔም የሐኪም ቀጠሮዬን ሳላዛንፍ እመላለሳለሁ። ባለፈው ወር «በርቺ፣ ጥሩ ነው» ተብያለሁ።

ከተለያየን ወዲህ፣ አራት ዓመት ሙሉ፣ ስለ ልጅቷ ካልሆነ በቀር አንድ መስመር ጽፌልህ አላውቅም። ዛሬ ግን ስለ ራሴ ልነግርህ ነውና ታገሠኝ።

የከተማችን ውሃ አገልግሎት ወደ አገር አቀፉ የውሃ ድርጅት ሊዛወር መሆኑን እዚያው ስለምትሠራ ከእኔ በፊት ሳትሰማ አትቀርም። እኛ የሰማነው በፓምፕ ጣቢያው ግቢ ተሰብስበን ነው። ከድርጅታችሁ የመጣው ሰውዬ የዝውውሩን ውል ረቂቅ እንደ ዜና አነበበልን፤ አርባ አንዳችንም እንደ አዲስ እንቀጠራለን፣ ስድስት ወር እንሞከራለን፣ ያለፈው አገልግሎታችን አይያዝም።

ጋሽ መፍቻ የምንለውን የቧንቧ ጠጋኝ ታስታውሰው የለ? ብድግ ብሎ «ሃያ ስድስት ዓመት የዚህን ከተማ ቧንቧ በእጄ እየዳሰስኩ ኖሬ፣ ዛሬ ቧንቧ መፍታት ትችል እንደሆነ እንይህ ልባል?» ሲል ግቢው በሳቅ ተሞላ። ሰውየው ግን አልሳቀም። እኛም ለአንድ ሰዓት እንኳ ውሃ ሳንዘጋ ሥራችንን ቀጠልን፤ ወረቀቱን ግን አልፈረምንም።

ከወር በኋላ ረቂቁ ተሻሽሎ መጣ። ደመወዝ አይቀነስም፣ የዓመት ፈቃድ አይጠፋም፣ አገልግሎቱ ላልተቋረጠበት ሠራተኛ ሁሉ ያለፈው ዘመን ይቆጠራል። ሰው እልል ሲል እኔ «ላልተቋረጠበት» የሚለውን ደግሜ አነበብኩ። ያ የታመምኩበት ስምንት ወር ማኅደሬ ላይ «ያለ ማስረጃ የቀረ» ተብሎ ነው የተጻፈው። የሐኪሙ ወረቀት መዘግየቱን ሁሉም ያውቃል፤ ለምን እንደዘገየ ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። በአንተ ኮት ኪስ ውስጥ ሁለት ሳምንት መክረሙን ለእናቴ እንኳ አልነገርኳትም።

እንግዲህ አሥራ ስድስት ዓመቴን ውሃ ሊበላው ሆነ። ሕክምናዬም አብሮ መሄዱ ነው፤ አዲስ ተቀጣሪ ዓመት ሳይሞላው በመሥሪያ ቤቱ ወጪ አይታከምም።

ዝም ብዬ ልፈርም ቆርጬ ነበር። ጋሽ መፍቻ ፊቴን አይቶ ፓምፑ ጋ ድረስ ተከትሎኝ መጣና «ምን ሆነሻል?» ቢለኝ እንባዬ ቀደመኝ፤ ዓመቶቼ ሊቀሩብኝ መሆኑን ነገርኩት። በማግስቱ እስክሪብቶ ይዞ ለተሰለፈው ሰው «አርባ አንድ ነን። አርባ ሆነን አንፈርምም» አለ። ያጉረመረመ የለም ብልህ እዋሻለሁ። የመዝገብ ቤቷ ሴት ሦስት ቀን ሙሉ ሰላምታ ነፍጋኛለች። ግን አልፈረመችም።

ባለፈው ሰኞ የመጨረሻው ሰነድ መጣ። ዘጠነኛው አንቀጽ ላይ አዲስ መስመር ገብቷል፤ «በሕመም ምክንያት ከሥራ የራቀ ሠራተኛ፣ የሕክምና ማስረጃው ዘግይቶ ቢቀርብም እንኳ፣ አገልግሎቱ እንደተቋረጠ አይቆጠርም» ይላል። «ዘግይቶ ቢቀርብም እንኳ» የሚለው ላይ ስደርስ እዚያው የቆጣሪ ሣጥን ላይ ቁጭ አልኩ።

ሰነዱን ያመጣችውን ሴት ስለ መስመሩ ጠየቅኋት። ከሕግ ክፍል አንድ ሰው እንደጻፈው፣ አለቆቹ ሦስት ጊዜ ሰርዘውት ሦስት ጊዜ መልሶ እንዳስገባው፣ ሲጸድቅም ሰውየውን ከከተማ ውጭ ወዳለው የዕቃ መጋዘን እንዳዛወሩት ነገረችኝ። ስሙን አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኋትም።

አርባ አንዳችንም ፈረምን። ጋሽ መፍቻ እስክሪብቶውን ሲያስቀምጥ «የጻፈው እጅ ይባረክ» አለ። ከሁሉም ጮክ ብዬ አሜን ያልኩት እኔ ነኝ።

በዚያ በሕመሜ ሰሞን ያልተናገርኩህ ክፉ ቃል የለም። ጥቂቱ እውነት ነበር፤ የቀረው ንዴት ነው፣ እርሳልኝ።

ይህን ደብዳቤ የላክሁት በመጋዘኑ አድራሻ ነው። ትምህርት ሲዘጋ ልጅህ ልትጠይቅህ ትመጣለች። ብቻዋን መምጣት እንደምትችል አውቃለሁ፤ ግን እኔም አብሬያት እመጣለሁ።

ፈጣሪ ጤናና ዕድሜ ይስጥህ፤ ለሰው ያሰብከውን ለራስህም ያድርግልህ።

የልጅህ እናት