ቀለል ያለ ሾርባ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እታለም፣

የናፍቆት ሰላምታዬ መንገድ ላይ ሳይቀዘቅዝ ከነትኩሱ ይድረስሽ። እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽ እንዴት ሆነልሽ? የተማሪ ደብተር በሁለት ዘንቢል ተሸክሞ መግባቱን ተዪ ብዬሽ ነበር፤ ተውሽው ወይስ እልህሽ እንዳለ ነው? አናጺው ባለቤትሽስ? ያቺ ጥያቄዋ የማያልቅ ልጅሽስ? የአባባን ጤና ለብቻው ስለምጠይቅሽ እዚህ ከሌላው ጋር አልደባልቀውም። እኔ፣ ናፍቆት በሽታ ነው የሚል ሐኪም እስካልተገኘ ድረስ፣ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራዬን እሠራለሁ።

ይህን ደብዳቤ ለብቻሽ አንብቢው። አባባ ጆሮው ስለከበደው በስልክ ከምጮህበት ይልቅ ደብዳቤዬ ሲነበብለት ደስ እንደሚለው አውቃለሁ። ፖስታውንም እሱ አጠገብ ካልተቀመጥሽ እንደማትከፍቺው አውቃለሁ። ዛሬ ግን መጀመሪያ ጓዳ ግቢና ጨርሰሽው ውጪ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ስደውል ስልኩን ያነሳችው ልጅሽ ነበረች። ስሟን ትተን ጥያቄ ያልናት በከንቱ አይደለም። ገና ሰላም ሳልላት፣ "አጎቴ፣ ልብ ሲደክም ውሃው ለምን ወደ እግር ይወርዳል?" አለችኝ። የትምህርት ቤት ነገር መስሎኝ ከየት አመጣሽው ብላት፣ አባባ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ሐኪሙ ሲናገር ሰምታ ነው። ሦስት ቀን መተኛቱን፣ እግሩ አብጦ ጫማው አልገባ ማለቱን፣ ትራስ ደራርበሽለት እንኳ ትንፋሽ ያጥረው እንደነበር ሁሉንም ከእሷ ሰማሁ። ምን ሲበላ ከረመ ስላት፣ "ያንተን ሾርባ ነዋ" አለችኝ። ልጅቷን እንዳትቆጪያት። ከቤቱ ሁሉ እውነቱን የነገረችኝ እሷ ብቻ ናት።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የሾርባውን አሠራር የጠየቅሽኝን መልእክት ፈልጌ አወጣሁት። "አባባ የድሮ ሆቴሉ የእንጉዳይ ሾርባ አምሮታል። ቀለል ያለ አሠራር ካለህ ላክልኝ" ይላል። እታለም፣ ይህችን መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አልነግርሽም። ሐኪሙ ቀለል ያለ ምግብ ይብላ ብሎሽ ኖሮ ቃሉን ሳትለውጪ ወደ እኔ አሳለፍሽው። እኔ ስለ ሐኪሙ የሰማሁት ነገር ስላልነበረ፣ ከትምህርት ቤት ደክመሽ ስትገቢ ታየኝና ለሥራ የሚቀል ነገር ፈለግሁልሽ። አንቺ ለልቡ ቀለል ያለ ማለትሽ ነበር፤ እኔ ለእጅሽ ቀለል ያለ መሰለኝ። ግማሽ ፓኮ የገበታ ቅቤ፣ ሁለት ማንኪያ ፉርኖ ዱቄት፣ ሁለት ፓኮ ክሬም፣ ከዚያ ያ ጨው ብቻ የሆነ የታሸገ የመረቅ ቅመም፤ በአሥር ደቂቃ አለቀ ደቀቀ። እንኳን አንቺ ጥያቄም ትሠራዋለች ብዬ ጉራዬን ነዛሁብሽ። አንቺም ባለሙያው ካለ ብለሽ ሠራሽለት። ሳህኑን ጠርጎ በላ ብለሽ ስትጽፊልኝ ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ አወራሁ። ለካ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ አባቴን ከዚህ ሆኜ በማንኪያ ስመርዘው ነበር።

ይህን መጻፍ ስጀምር አልቆጣም ብዬ ነበር፤ ግን ተቆጥቻለሁ። ልቡን መታመም የጀመረው ከክረምት አንስቶ እንደሆነ አሁን ነው የሰማሁት። ሰው አገር ሆኖ ምን ያደርጋል፣ ዝም ብሎ ይጨነቃል እንደተባባላችሁ ሳይነግሩኝ አውቀዋለሁ። በእማዬ ጊዜም እንዲሁ ነበር ያደረጋችሁት። እሷን ያመማት ነገር ሁሉ ለእኔ ሲደርስ ጉንፋን ነበር። ከተቀበረች በኋላ እንኳ አንድ ሳምንት ሙሉ "ትንሽ አሟታል፣ ተኝታለች" ትሉኝ ነበር። እኔም ስትነሳ ደውሉልኝ እላችሁ ነበር።

በነዚህ ሦስት ሳምንታትም ደውዬ እንዴት ነው ስልሽ ደህና ነው አልሽኝ፤ እኔም ደህና ነኝ አልኩሽ። የሰማሁትን ያልነገርኩሽ ባዶ እጄን ሆኜ ልወቅስሽ ስላልፈለግሁ ነው። መጀመሪያ ያበላሸሁትን ላስተካክል አልኩ።

ያ ሾርባ ለእኛ ቤት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። አባባ አርባ ዓመት ሙሉ በሆቴሉ አስተናጋጅነት ለሰው ሲያቀርበው ኖሮ ቤት ይዞት የሚመጣው ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ነበር፣ የተረፈውን በፔርሙዝ። ነጩን ጃኬቱን ሳያወልቅ፣ ፎጣውን ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ፣ እኛ ፊት ጎንበስ ብሎ "ምን ልታዘዝ?" ይለን ነበር። አንቺ ፊትሽን ኮስተር አድርገሽ "ሾርባ ይኖራችኋል?" ትይዋለሽ። እኔ አንድ ቀን የተጠበሰ ዶሮ ነው የምፈልገው ብለው፣ ሳይስቅ "እሱ ለዛሬ አልቋል ጌታዬ፤ ሾርባ ግን አለን" ያለኝን ታስታውሻለሽ? እማዬ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ማንኪያውን ሾርባው ውስጥ ነክሮ ያወጣና በማንኪያው ጀርባ ላይ በጣቱ መስመር ያሰምራል። መስመሩ ሳይፈስ ከቆመ ሾርባው ሾርባ ነው። ከፈሰሰ ለእንግዳ አይቀርብም ይላል። እኔም እዚህ ምግብ ቤት ስምንት ዓመት ሾርባ ስሠራ ያን መስመር ሳላሰምር አንድም ሳህን አላሳለፍኩም። ባሰመርኩ ቁጥር ቀኑ ቅዳሜ ይሆንብኛል።

የምውለው ከምድጃው ጫፍ፣ ከመስኮቱ ሥር ቆሜ ነው። በመስኮቱ የሚታየኝ የጎረቤት ግድግዳና አንድ ዝገት የበላው የውሃ ቧንቧ ነው። እንፋሎቱ ፊቴን ሲያጥበኝ ዓይኔን ብጠርግ ምን ሆንክ የሚለኝ የለም፤ ይህ የሾርባ ሠራተኛ መሆን ጥቅሙ ነው። ሳህን በማሳልፍበት በኩል አዳራሹ በትንሹ ይታየኛል። ማክሰኞ ማክሰኞ አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን እየመጡ ሾርባ ያዛሉ። ከመብላታቸው በፊት ልክ እንደ አባባ ሁለት እጃቸውን ሳህኑ ዙሪያ አድርገው ይሞቃሉ። ድሮ አንድ ጭልፋ እጨምርላቸው ነበር። የአባባን ነገር ከሰማሁ ወዲህ ግን ክሬሙን ቀነስ አደርግላቸዋለሁ። ልጅ ይኑራቸው አይኑራቸው አላውቅም።

ትርፍ ሰዓት ባገኘሁ ቁጥር ያለ ክሬምና ያለ ቅቤ ያን ሾርባ ለማምጣት ስታገል ሰነበትኩ። የምኖርባት ክፍል አንድ ምድጃ፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት አልጋ አላት። አብሮኝ የሚኖረው ሰው ዘበኛ ስለሆነ ቀን ነው የሚተኛው፤ የመፍጫው ጩኸት ሲቀሰቅሰው የሠራሁትን እየቀመሰ ካሣውን ይወስዳል። የመጀመሪያው ላይ አጃ አበዛሁ። ቀምሶ ትንሽ አሰበና "ይህ የሚበላ ነው ወይስ የሚለጠፍ?" አለኝ። ሁለተኛው ላይ ድንች አበዛሁና በመፍጫው ብዙ ስመታው ሙጫ ሆነ፤ ማንኪያውን ሳነሳ ድስቱ አብሮ ሊነሳ ምንም አልቀረውም። ሦስተኛው ላይ ውሃ በዛ፤ መስመሩ ጣቴን ሳላነሳ ፈሰሰ። አራተኛው ላይ ቆመ። እታለም፣ ማንኪያውን እንደያዝኩ ክፍሉ መሐል ቆሜ አለቀስኩ። ዘበኛው ቀና ብሎ አየኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በማግስቱ በፔርሙዝ ይዤው ሥራ ገባሁ። የወጥ ቤታችን ኃላፊ ሚዛን የምንለው ሰው ነው፤ ጨው እንኳ ሳይመዝን አይነሰንስም። ምንም ሳልናገር ቀዳሁለት። ሐሳቤ ላታልለው ነበር፤ እሱ ከተታለለ አባባም ይታለላል ብዬ። አንድ ማንኪያ ቀመሰና "ክሬም የለውም" አለኝ። ፔርሙዜን መክደን ጀመርኩ። እሱ ግን በላው፣ ጨረሰውና ሳህኑን እንደገና ዘረጋልኝ። ለማን እንደሆነ ሲጠይቀኝ ሁሉንም ነገርኩት። ሲሰማኝ ቆይቶ፣ የዓመት ፈቃዴን ሦስት ዓመት ሳልወስድ ማጠራቀሜን አስታወሰኝ፤ ቀኑን ንገረኝና እፈርምልሃለሁ አለኝ። እስካሁን ቀኑን አልነገርኩትም። ደህና ነው እየተባልኩ ምን ብዬ ልነሳ?

አሁን አሠራሩን በጥሞና ተከተይኝ። ይህኛው ለእጅሽ አይቀልም፣ ይቅርታሽን። ግማሽ ኪሎ የሚሆን እንጉዳይ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው እንጂ ውሃ ውስጥ አትንከሪው። ከታትፈሽ፣ ዘይት ያልነካው መጥበሻ በደንብ ሲግል በትንሽ በትንሹ ጣይበት። መጀመሪያ ውሃውን ይለቃል፤ እንዳትደነግጪ። ውሃው ደርቆ ጠርዙ ቡናማ እስኪሆን ጠብቂው። ጨውና ቅቤ ይሰጡት የነበረውን ጣዕም የሚተካው እሱ ነውና እዚህ ላይ አትቸኩዪ። ከተጠበሰው አንድ እፍኝ ለብቻው አስቀምጪ። በሌላ ድስት አንድ ሽንኩርትና ሦስት ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት በአንድ ማንኪያ ዘይት ሳይቀላ አለስልሺ። የአንድ አበባ ጎመን ግማሽ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ አጃና አንድ መካከለኛ ድንች ጨምሪበት፤ ድንቹ አንድ ብቻ ነው፣ ሙጫዬን አስታውሺ። በአራት ብርጭቆ ውሃ እስኪፈርስ ቀቅይው።

ከዚያ እንጉዳዩን ጨምረሽ በመፍጫ ምቺውና በወንፊት አሳልፊው። ደክሞኛል ብለሽ ወንፊቱን እንዳትተዪው፤ ልስላሴው የሚመጣው ከእሱ ነው። መልሰሽ ለስ ባለ እሳት ጣጂውና ቅባቱ የወጣለት ወተት አንድ ብርጭቆ ጨምሪ፤ እንዳይፈላ። ሎሚውን ሳህኑ ላይ ጠብ አድርጊ፤ ድስቱ ውስጥ ከገባ ወተቱ ይበጣጠስብሻል። ቁንዶ በርበሬ እንደ ልብሽ ነው። ጨው ግን ሐኪሙ ከፈቀደው አንዲት ቅንጣት እንዳታልፊ። በመጨረሻ ያስቀመጥሽውን እንጉዳይ ከላይ ጣል አድርጊበት። አባባ ከሳህኑ መሐል አንድ ነገር ካልታየው ሾርባው የተረሳ ይመስለዋል።

ክሬም እንደሌለው እንዳትነግሪው ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። ተውኩት። ሚዛንን ያላታለለ ሾርባ አርባ ዓመት ሾርባ የተሸከመን ሰው አያታልልም። ደግሞስ መታለል እንዴት እንደሚያም እያወቅሁ በአባቴ ላይ አላደርገውም። ለብቻሽ አንብቢው ያልኩሽንም ትቼዋለሁ። ከጓዳ ውጪና ይህን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ጮክ ብለሽ አንብቢለት፤ ስህተቴንም ቁጣዬንም ይስማ። አንቺን የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሾርባውን አቅልዪለት፤ ወሬውን ግን ለእኔ አታቅልዪልኝ። ከባድ ከሆነ ከባድ ነው በዪኝ። እዚህ ሆኜ የሚከብደኝ አለማወቁ ነው።

ለአናጺው ባለቤትሽ እጅ ነስቻለሁ፤ የሠራልኝ ሳጥን እስካሁን ማጠፊያው አልላላም በዪልኝ። ጥያቄን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ፤ መጠየቅ እንዳትተው፣ በተለይ እኔ ስደውል። ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋ፣ የሰፋሽለት ሱሪ ወገቡ ጠቦታል፣ ሾርባ ቀማሽ መሆን ነው በያት። አንቺን ደግሞ ያን የሚያምሽን ወገብሽን አቅፌ ሳምኩሽ። አባባን ለብቻሽ ተሸክመሽ መክረምሽን ሳስበው ቁጣዬ ሁሉ ተመልሶ ናፍቆት ይሆናል።

አባባ፣ አሁን ላንተ ነው። ማንኪያህን ነክረህ በጀርባው ላይ አስምር። መስመሩ ከፈሰሰ ለእንግዳ አይቀርብም በልና መልሰው፤ አልቀየምም፣ እንደገና እጀምራለሁ። ከቆመ ግን ብላልኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ጎንበስ ብለህ ሰውን ሁሉ ስትጠይቅ አንተን የጠየቀህ አልነበረም። ዛሬ እኔ ፎጣዬን ክንዴ ላይ ጣል አድርጌ ልጠይቅህ። አባባ፣ ምን ልታዘዝ? መልስህ ሾርባ ከሆነ አሠራሩ እታለም እጅ ላይ አለ። መልስህ "ና" ከሆነ ግን፣ ሳታቀልል እንድትጽፍልኝ ንገራት።

ልጅህ፣ ወንድምሽ

አንድ ምድጃና ሁለት አልጋ ካላት ክፍሌ
እሑድ ከሰዓት፣ የካቲት 16 ቀን