«ተሳፋሪው አይቸኩልም»፦ ስለ ቀብር መኪናችን ራዲያተር ለእድራችን ዳኛ የተጻፈ

ለተከበሩ የእድራችን ዳኛ ለጋሽ ፍቅረማርያም
ኮልፌ ቀራንዮ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎንስ ተሻለዎት? በእናቴ ቀብር ዕለት ሰው ሁሉ ሳጥኑን ለመሸከም ትከሻውን ሲያቀርብ እርስዎ ወገብዎን ይዘው ዳር ላይ ስለቆሙ፣ ነገሩ ሲያሳስበኝ ከርሟል። መድኃኔ ዓለም ምሕረቱን ያውርድልዎ።

እኔ የወይዘሮ ዘመነች ልጅ እፀገነት መኳንንት ነኝ። ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ በእጅዎ ልሰጥዎት እችል ነበር። ነገር ግን እርስዎ የሰፈሩ አባት ነዎትና የአባትን ወሬ ልጆች ሁሉ ቢሰሙት ይማሩበታል ብዬ በእድሩ ቤት በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ድፍረቴን እንደ ልጅነት ይቁጠሩልኝ።

አንደኛ፣ ለጥበብዎ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። የቀብር መኪናችን ሾፌር ያደሳ የገና በዓል ሲቃረብ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ የራዲያተሩ ውሃ ዝገት ብቻ ሆኗል፤ ይለቀቅና ራዲያተሩ ይታጠብ፣ አዲስ ኩላንት ይሞላበት» ብሎ ለምኖዎት ነበር። ለፋሲካም ደገመው። እናቴ ያን ጊዜ የእድሩን ድስቶች ለመመለስ መጥታ አጠገባችሁ ስለነበረች መልስዎን በጆሮዋ ሰምታ ቤት ስትገባ ነገረችን። «ይህ መኪና የሚሄደው ከሰፈር እስከ ቤተ ክርስቲያን ነው። ኩላንት የሚሉት ቀለም የገባበት ውሃ ነው፤ ከቧንቧ ቅዳና ጨምርበት። ደግሞስ ተሳፋሪው አይቸኩልም» ብለውት ነበር። እናቴ ይህን ስታወራልን ከልቧ ስቃለች፤ ጨዋታ ትወድ ነበር። ተሳፋሪዋ እሷ እንደምትሆን ግን አላወቀችም።

ሁለተኛ፣ ስለ ቀብሩ ዕለት አመራርዎ። እዚህ ላይ ቃሌ ቢረዝም ይታገሡኝ።

እናቴን ከቤት ስናወጣ ፀሐይዋ ጠንክራ ነበር። እኔና ወንድሜ ታዲዮስ ከሳጥኑ አጠገብ ተቀመጥን፤ ፎቶግራፏ ከመኪናው ፊት ታስሯል፤ ለቀስተኛው በእግሩ ይከተላል፤ እርስዎም በነጭዋ መኪናዎ ከኋላ ነበሩ። 18 ማዞሪያን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር አንድ ሽታ ወደ ውስጥ ገባ። የቆየ አተላ ከጋለ ብረት ጋር ቢቀላቀል እንዲያ የሚሸት ይመስለኛል። ታዲዮስ ነጠላውን አፍንጫው ላይ አደረገ፣ ከዚያ ደግሞ አፈረና አወረደው፤ ሰዎች ሽታው ከእናታችን የመጣ እንዳይመስላቸው ፈርቶ ነው። እኔም ያንኑ ፈርቼ ነበር። ጋሽ ፍቅረማርያም፣ በእናቱ ሳጥን አጠገብ ተቀምጦ እንዲህ ያለ ነገር ማሰብ ምን እንደሚመስል እርስዎ ስላልደረሰብዎት አያውቁትም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ከኮፋኖው ሥር እንፋሎት ሲወጣ ያደሳ መኪናውን ወደ ዳር ይዞ አቆመ። ወርዶ ፎቶግራፉን ፈታና ለታዲዮስ ሰጠው፣ ኮፋኖውንም ከፍቶ ቆመ። እርስዎ ያን ጊዜ ደረሱ።

«ምን ትጠብቃለህ? ክዳኑን ከፍተህ ውሃ ጨምርበት» አሉት።

«ጋሼ፣ ትንሽ ይብረድ። አሁን ከተከፈተ ያቃጥላል።»

«ካህናቱ ቆመው እየጠበቁ ነው። ሕዝቡንም በፀሐይ አታቃጥለው። ክፈት ብያለሁ።»

ተሳፋሪዋ እንደማትቸኩል ነግረውት የነበሩት እርስዎ፣ በዚያች ቀን ቸኮሉ። ያደሳም የታዘዘውን አደረገ፤ ጨርቅ ደራርቦ ክዳኑን ሲነካው የፈላው ውሃ ወደ ላይ ተወረወረ። ክንዱንና አንገቱን ላጠው። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ክንዱን ከፊቱ ዘርግቶ ያየው ነበር። የቀረው በታዲዮስ ነጠላና በያዘው ፎቶግራፍ ላይ ፈሰሰ።

ያንን ፈሳሽ እርስዎ በሚገባ ስላላዩት ልግለጽልዎ፤ ወዲያው ወደ ኋላ ሸሽተው ነበርና። ውሃ አልነበረም። ቡናማ ነው፣ ይዝለገለጋል፣ ውስጡ የዝገት ቅርፊት አለበት። በእናቴ ፎቶግራፍ ላይ ከግንባሯ ተነሥቶ በዓይኗ፣ በአፏ አድርጎ ወረደ። በነጠላዬ ጠረግሁት። በጠረግሁት ቁጥር ይለጠጣል እንጂ አይለቅም። እንዲያ ሆና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆመች። ሴትዮዋ በሕይወት ሳለች ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ ለጎረቤት በር ከፍታ አታውቅም። የእርስዎ እናት ያረፉ ጊዜም ሰባቱን ቀን ድንኳኑ ውስጥ እንግዳ ስታስተናግድ የከረመች ናት፤ ምናልባት ያስታውሷት ይሆናል።

ጎረቤታችን ሌሊሴ ያደሳን ደግፋ ወደ ክሊኒክ ወሰደችው። እናቴን ደግሞ ከመኪናው አውርደን በትከሻ ያዝናት። ዳገቱ ላይ የነበሩ የታክሲ ሾፌሮች መኪናቸውን አቁመው መጡ፤ ከጎሚስታው ቤት እጃቸው ጥቁር የሆነ ሰዎች ወጥተው «እኛም እንያዝ፣ ሳጥኑ እንዳይቆሽሽ ብቻ ጨርቅ ስጡን» አሉ። አንዳቸውም የእድራችን አባል አይደሉም፤ ስሟንም አያውቁም። እየተቀባበልን ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም አደረስናት። ካህናቱ እርስዎ እንደፈሩት አልተቆጡም። ፍትሐቱ ተደርሶ፣ አፈር ለበሰች። የሚያሳፍር ነገር ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጭ ቀርቶ ነበር፤ የማመሰግነው ለዚህ ነው።

ማታ ድንኳን ውስጥ ገብተው «የሞተር ነገር አይታወቅም፣ እግዜር ያመጣው ነው» ሲሉ ሰማሁ። ለቅሶ ላይ ስለነበርሁ ነገሩን ለሌላ ቀን አሳደርሁት። ሆኖም እግዜር በኛ ሰፈር ራዲያተር ላይ ይህን ያህል ለምን እንደጨከነ ማወቅ ፈለግሁና፣ ሠልስቱ ካለፈ በኋላ መኪናው ወደ ተወሰደበት አየር ጤና ጋራዥ ከታዲዮስ ጋር ሄድሁ። መካኒኩ ገረሱ ውሃውን ሲለቀው ደርሰናል። ወደ ባልዲው የሚወርደውን አይቼ አፍንጫዬን በነጠላዬ ይዤ ወደ ውጭ ወጣሁ።

ስመለስ ገረሱን እግዜር ያመጣው እንደሆነ ጠየቅሁት። «የቧንቧ ውሃ ያመጣው ነው» አለኝ። «ኩላንት ብረቱን ከዝገት ይጠብቃል፣ ቶሎም አይፈላም። እሱም ራሱ ያረጃል፤ በየጊዜው ለቅቀሽ፣ ራዲያተሩን አጥበሽ በአዲስ ካልቀየርሽው እንዲህ ጭቃ ሆኖ መንገዱን ይዘጋዋል። ይሄ ከተሞላ ወዲህ ታጥቦ አያውቅም።»

የእድሩ ዳኛ ይህን አለማወቃቸው ያሳዝናል ስለው ገረሱ ግራ ገባው። «ጋሽ ፍቅረማርያም? ያቺ ነጭ የሳቸው አይደለችም እንዴ? እሷንማ ጊዜዋን ሳያሳልፉ ያሳጥቧታል። ኩላንቷ መልኩ ትንሽ ከደበዘዘ ‹ቀይርልኝ፣ ሞተር ይበላል› ይላሉ።»

ጋሽ ፍቅረማርያም፣ እስከዚያች ሰዓት ድረስ አለማወቅ መስሎኝ ይቅር ልልዎ ተዘጋጅቼ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ከባልዲው ጭቃ ይልቅ የእርስዎ ነገር ሸተተኝ። ሞተር እንደሚበላ ያውቃሉ። የማይበላ የመሰለዎት የኛን ነው።

ሦስተኛና የመጨረሻው፣ ያለፈው እሁድ ስብሰባ ነው። «ሾፌሩ በግዴለሽነቱ የጋለ ራዲያተር ከፍቶ እድሩን አዋርዷል፤ ይሰናበት» ብለው ሐሳብ አቀረቡ። ያደሳ ክንዱ በፋሻ እንደተጠቀለለ ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር፤ ቀና ብሎም አላየዎትም። እኔ ተነሥቼ ክፈት ያሉት እርስዎ እንደሆኑ ስናገር፣ «ኀዘንተኛ ናት፣ ኀዘን ብዙ ያናግራል፤ ይቅር እንበላት» አሉ። ስለ ይቅርታዎ አመሰግናለሁ። ያን ጊዜ ሌሊሴ ተነሣችና «እኔ ኀዘንተኛ አይደለሁም፤ እኔም ሰምቻለሁ» አለች። ከኋላ አንድ ሽማግሌ «እኔም» አሉ። ከዚያማ «እኔም» የሚለው ከየወንበሩ ሲነሣ፣ እርስዎ መነጽርዎን አውልቀው ሲጠርጉ ቆዩ። ያደሳ ሥራው ላይ ቀርቷል። እርስዎም ወንበርዎ ላይ ቀርተዋል፤ ለዚህ ጽናትዎ ቃል የለኝም።

እንግዲህ ያደሳ ክንዱ ድኖ መሪ እስኪይዝ ድረስ እየሄዱ ይጠይቁት። ቤቱን ካላወቁት ማንም ልጅ ያሳይዎታል።

ትከሻቸውን ላዋሱን ለማያውቁን ሰዎች ካለኝ እጅግ ባነሰ፣ ለእርስዎ ግን በሚበቃ አክብሮት፣

እፀገነት መኳንንት
የወይዘሮ ዘመነች ልጅ

ማስታወሻ፦ እኔና ታዲዮስ ቀናችን ሲደርስ በሰው ትከሻ እንድንሄድ ለቤተሰባችን ተናዝዘናል። እርስዎ ግን ዳኛ ነዎትና መኪናው ይገባዎታል፤ ማንም አይሻማዎትም።