ክንዴን ያሰርኩበት ጨርቅ

ሐዋሳ፣ ጥር 14 ቀን 2006 ዓ.ም.

ኩላሊቴ ስለከዳኝ፣ የእጥበቱ መርፌ የሚገባበት እንዲሆን የግራ ክንዴን ደም ቅዳ ከደም መልሱ ጋር ባለፈው ወር አዲስ አበባ ገጥመውልኛል። ደም መልሱ እስኪወፍር ጠብቅ ተባልኩ። እኔ ደግሞ ያለ አስተማሪ የቧንቧ ሥራ የተማርኩ ሰው ነኝ። ቀጭን ቱቦ ከባድ ግፊት ከለቀቁበት ይፈነዳል። ስለዚህ ትናንት ማታ ማንንም ሳልጠይቅ ክንዴን በጨርቅ ጠበቅ አድርጌ አሰርኩት። ባለቤቴ አስካለ ተው ብትለኝም አልሰማኋትም።

ዛሬ ለምርመራ ስንሄድ ነርሷ ጨርቁን አይታ ደነገጠች።

«አባባ፣ ማነው ያሰረዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ደሙ ረግቶ ከሆነ እንደገና መቀደድዎ ነው።»

«እሱ እኮ መሐንዲስ ነው፤ ማን ይናገረዋል?» አለች አስካለ።

ነርሷ ጨርቁን ፈትታ ጣቷን ክንዴ ላይ አሳረፈች። ቆይታ «አልረጋም» ብላ የራሴን ጣት ወስዳ እዚያው ላይ አስቀመጠችልኝ። ከቆዳዬ ሥር ደሙ እንደ ሞተር ይነዝራል። ክር ያህል የነበረው ደም መልስ እርሳስ አክሏል።

ሃምሳ ዓመት ቧንቧ ገጥሜያለሁ። ግፊት ሲበዛበት ራሱን የሚያወፍር ግን አንድም አላየሁም። እስካሁን ጣቴን ማንሣት አቅቶኛል። ይህን አላውቅም ነበር። ለአስካለ ግን መሳሳቴን አልነገርኳትም።