ጋሼ ተፈራ ያልበጠሱት ክር

ሰኞ

ዛሬም አልነገርኳቸውም። አንድ ሊፍት ውስጥ ነበርን፤ ከዘጠነኛ ፎቅ እስከ ምድር ድረስ ሁለታችን ብቻ። ጋሼ ተፈራ ቀኝ እጃቸው አንጓው ላይ በፋሻ ተጠቅልሏል። «ያ ዕቃሽ ተሠራ ወይ ዘነበች?» አሉኝ አንገታቸውን ደፍተው። «ኧረ ምንም አይደለም ጋሼ፣ አያስቡ» አልኩ። ይቅር ባይ መስዬ!

እዚህ እንኳን እውነቱን ልጻፈው። ቅዳሜ ከሰዓት ቤቴ ብቻዬን መስታወት ፊት ቆሜ አቋቋሜን ሳስተካክል ቀስቴን ያለ ፍላጻ ሳብኩት። ጣቴ ሳላስበው መልቀቂያውን ነካው። በቀስት ክለቡ የመጀመሪያው ቀን የተነገረን ነገር ቢኖር ቀስት ባዶውን አይለቀቅም የሚል ነው፤ የሚገፋው ፍላጻ ከሌለ ጉልበቱ ሁሉ ተመልሶ ቀስቱን ይመታዋል። ጧ አለ። በቀስቱ ጫፍ ያለው የላይኛው መዘውር ብረት የክሩን ግማሽ ቆርጦታል፤ ከክሩ ጎን ካሉት ሁለት ኬብሎች አንዱም ከመዘውሩ ቦይ ወጥቶ ዳር ላይ ቆሟል። አፈርኩ። አምስት ዓመት ስማር የኖርኩ ሴትዮ። ማንም ሳያይ መልሼ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጋሼ ተፈራና ባለቤታቸው እትዬ ስንዱ ሊጠይቁኝ ገቡ። ጎረቤቶቼ ናቸው፤ በራቸው ከእኔ በር ሦስተኛው ነው። ሻይ ላፈላ ኩሽና ገባሁ። ጋሼ ቀስቱን አውርደው «ዘነበች የሳበችውን እኔን ያቅተኛል?» ሲሉ ሰማሁ፤ በበሩ በኩልም አየኋቸው። «ይተዉት፣ ተበላሽቷል» ለማለት ጊዜ ነበረኝ። ግን «ማን አበላሸው?» ይሉኛል። በዚያ ዕድሜ ካሉ ሰው እጅ ዕቃ መቀማቱም ከበደኝ። የሻይ ማንኪያ ይዤ ዝም አልኩ። ግማሽ እንደሳቡት ክሩ ተበጠሰና አንጓቸውን ገረፋቸው።

እትዬ ስንዱ ጮኹ። «አንተ ሰውዬ! የሰው ንብረት!» እኔ ደሙን ጠረግኩ። ስለ ቅዳሜ አንድ ቃል አልወጣኝም።

ማክሰኞ

ላቨርተን ኖርዝ፣ የምሠራበት መጋዘን፣ የከሰዓት ሺፍት። ብሬክ ላይ ወረቀቶቼን አወጣሁ። የተጣሉ የካርቶን መለያዎች ናቸው፤ የቀስት ጥገና ቪዲዮ በስልኬ እያቆምኩ፣ በእንግሊዝኛ የሰማሁትን ጀርባቸው ላይ በአማርኛ እጽፋለሁ። የቀስት ትምህርቴ ሁሉ እንዲህ የተለቃቀመ ነው።

— አሮጌው ክር ከመውጣቱ በፊት ፎቶ ማንሳት። (አልፎኛል። ድሮ ያነሳሁት አንድ አለ።)
— የቀስቱን ሁለት ክንፎች፣ የሚጎብጡትን፣ በጥጥ ማሸት። ጥጡ ከተያዘ ስንጥቅ አለ፤ ቀስቱ አለቀለት ማለት ነው።
— የመዘውሮቹን ቦታ በጥፍር ቀለም ምልክት ማድረግ።
— መጭመቂያው መሣሪያ ክንፎቹን ሳያጎብጥ ክር ለማስገባት አለመታገል። ሰው ይጎዳል።

የመጨረሻው ላይ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። ሰውስ ጎድቻለሁ።

አዲሱ ክርና ሁለቱ ኬብሎች ባለፈው ወር በፖስታ መጥተዋል፤ አሮጌው ዕድሜው ደርሷል ብዬ ያዘዝኳቸው ናቸው። መጭመቂያውን ከክለቡ ተዋስኩ። ማታ ስገባ ክንፎቹን በጥጥ አሸሁ፤ ከላይ እስከ ታች፣ በሁለቱም ገጽ። ጥጡ አልተያዘም። ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ ደስታዬ አሳፈረኝ።

እትዬ ስንዱ አንኳኩ። «ሰውዬው እንቅልፍ አጥቷል። ነገ ካላገዝኳት ይላል። እባክሽ አንድ ነገር አስይዢውና እረፍት ይስጠኝ።» እምቢ በምን አፌ?

ረቡዕ

ጋሼ በአራት ሰዓት መጡ፤ እንደ ሥራ ቀን እጅጌያቸውን ሰብስበዋል። አገር ቤት ሸማኔ ነበሩ። ክር ሲይዙ ጣታቸው ያስታውቃል።

የመጭመቂያውን እጀታ በግራቸው አዞሩ። እኔ ቆጠርኩ። ክንፎቹ ቀስ ብለው ጎበጡ። አሮጌዎቹን ኬብሎች አወጣሁ። የመጀመሪያውን አዲስ ኬብል አስገባሁ። ሁለተኛው እምቢ አለ። ታገልኩ፣ ላበኝ፣ ወረቀቴን አገላበጥኩ። ጋሼ ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግተው አሳዩኝ፤ አንዱ በአንድ ጣት ይረዝማል። አቀያይሬያቸው ኖሯል። «ድርና ማግ የማትለይ ሸማኔ!» ብለው ሳቁብኝ። እኔም ሳቅኩ። ለአፍታ ሁሉንም ረሳሁት።

ከዚያ አሮጌውን ክር አንስተው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ጫፉን በጣታቸው ፈተሉት።

«ዘነበች፣ ይሄ እኮ ግማሹ ነው የተበጠሰው። ግማሹ ተቆርጧል። ብረት ነው የቆረጠው።»

«አርጅቶ ነው ጋሼ።»

«እርጅና ያሳሳል እንጂ እንዲህ አይቆርጥም።»

አዩኝ። እኔ ብሎን የወደቀብኝ መስዬ ጎንበስ አልኩ። ክሩን ጠቅልለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ሌላ አልጠየቁም። ብሎን አልወደቀም ነበር። ለሽማግሌ ሁለት ጊዜ ዋሸሁ ማለት ነው፤ አንዱን በዝምታ፣ አንዱን በአፌ።

ሐሙስ

ከሥራ በፊት ሰንሻይን ሰፈር ወርጄ በርበሬ ልገዛ ሐበሻ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቋ ገና ስታየኝ «ቀስትሽን ጋሼ ተፈራ በጠሱልሽ አሉ! በሰባ ሦስት ዓመታቸው!» አለች። ጋሼ ትናንት ማታ ሱቁ መጥተው፣ በነበሩት ሰዎች ሁሉ ፊት እንዴት እንደሳቡት አሳይተዋል፤ አንዱ ጎረምሳማ እጅ ለእጅ እንታገል ብሏቸው ነበር።

እኔ ሳምንቱን ሙሉ አንገታቸውን እንዳስደፋኋቸው ነበር የማስበው። እሳቸው ግን ሲኮሩበት ከርመዋል። ቀለል ሊለኝ ይገባ ነበር። ባሰብኝ። ነገ እነግራቸዋለሁ። ጽፌዋለሁ፣ አለቀ።

ዓርብ

ጠዋት። አዲሱን ክር ማስገባት ጀመርኩ። አንድ ዙር ሲከር ያጥራል፤ ሲላላ ይረዝማል። ስስበው ታችኛው መዘውር ከላይኛው ቀድሞ እየዞረ አስቸገረኝ። ኬብሉን ሁለት ዙር አከረርኩ፤ በዛ። አንዱን መለስኩ። በሦስተኛው ሙከራ ሁለቱም እኩል ደረሱ። በራሴ እጅ! ለማን ልንገር? የምነግራቸው ሰው በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«ጨረስሽ?»

«ጋሼ፣ ይቀመጡ።» አልተቀመጡም። ቆመው ነገርኳቸው። ቅዳሜ ባዶውን መልቀቄን፣ መልሼ መስቀሌን፣ ከኩሽና ሆኜ ማየቴን።

ፋሻቸውን አስተካከሉ።

«ዓይኔን ቢያገኘኝስ?»

ሻይ ቀድቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላቸው።

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«ለስንዱስ?»

«አልነገርኩም ጋሼ። ዛሬውኑ ለሁሉም እነግራለሁ፤ ሱቅም ሄጄ...»

«ተይ!» አሉ። የተቆጡት ያኔ ነው። «ባቡር ላይ ወንበር ሲለቁልኝ ስንት ዓመቴ! በዚህ ሳምንት ነው አንድ ሰው እንታገል ያለኝ። አሁን ሄጄ ግማሹን ዘነበች ቆርጣው ነበር ልበላቸው? ረቡዕ አይቼው ዝም ያልኩት ለምን ይመስልሻል?»

ሻዩን ሳይነኩ ወጡ። ከኮሪደሩ የእትዬ ስንዱ ድምፅ ይሰማ ነበር፦ «መጣህ ጀግናው? በል ቆሻሻውን ጣል!»

ተናዝዤ ይቀለኛል ብዬ ነበር። አሁን ደግሞ የሚጠበቅ ምሥጢር አለኝ፤ ውሸቱ የእሳቸው ነው፣ ሥራው የእኔ።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ፣ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ። ሰው ጋሼን ከቦ ያስወራቸዋል። እስከ ግማሽ የሳቡት ክር ዛሬ እስከ ጆሯቸው ደርሷል። እኔ ጥግ ይዤ የምግብ ሳህኔን እያየሁ ነበር፤ ሰው በተሰበሰበበት አለመናገር ልማዴ ነው፣ ማንም አይታዘበኝም። ድንገት አንዱ «ይሄማ ፉከራ ነው ጋሼ፣ ማን አየ?» አላቸው። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እትዬ ስንዱም ዞሩ። ጋሼ ብቻ አልዞሩም፤ ጫማቸውን ያዩ ነበር።

«እኔ አይቻለሁ» አልኩ። «አጠገባቸው ነበርኩ። ጉልበታም ናቸው።»

ሳቁ፣ አጨበጨቡ። ፊቴ ነደደ።

መውጫው ላይ ጋሼ ጠበቁኝ። ፋሻውን ፈተውታል፤ አንጓቸው ላይ የቀረው ቀይ መስመር ቀጭን ነው። ሰላምታ አልሰጡኝም።

«ክለቡ መቼ ነው?»

«ቅዳሜ ጠዋት።»

«እመጣለሁ። በደንብ አስተምሪኝ፣ ሰው ፊት እንዳታሳፍሪኝ።» ትንሽ ተራመዱና መለስ አሉ። «ግን ከመሳቤ በፊት ክሩን የማየው እኔ ነኝ። በአንቺ ቃል አልይዘውም።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ።

ተቀይመውኝ ይሁን ታርቀውኝ እስካሁን አላወቅኩም። ይገባኛል። ግን ይመጣሉ።